ቀለሙን የሚወስነው መጠኑ ነው

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ስለ አንድ ውህድ አውርቼ ሳልጨርስ የሚወጣ እጅ አለ። «ቲቸር፣ ቀለሙ ምንድን ነው?» ኮፐር ሰልፌት ከሆነ ሰማያዊ። ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ከሆነ ወይን ጠጅ። ደብተር ላይ ይጻፋል፣ ይሸመደዳል፣ ፈተና ላይ ይመጣል፣ በቃ። ባለፈው ስለ ካድሚየም ሴሌናይድ የጠየቀኝን ልጅ ግን መልሼ ጠየቅኩት፤ «ስንት ናኖ ሜትር የሆነው?»

ቀልድ የመሰላቸው ነበሩ። ቀልድ አልነበረም። ክፍለ ጊዜው አልቆ ደወል ስለተደወለ የቀረውን እዚህ እጽፋለሁ። ለዚያ ልጅና ለጓደኞቹ፣ እግረ መንገዱንም ኤሌክትሮኒክስ ቤት ገብቶ «ኪው ኤል ኢ ዲ» የሚል ቴሌቪዥን አይቶ ሻጩ «ይሄ እኮ ኳንተም ነው» ሲለው ግራ ለገባው ሁሉ። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካድሚየም ሴሌናይድ ከፊል አስተላላፊ ነው፤ ሰሚኮንዳክተር የምንለው ዓይነት። በእጅ የሚያዝ ቁራጭ ሲሆን ጠቆር ያለ ነው። ቢያበራም ብርሃኑ ቀዩ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ነው፣ ዓይናችን አጥርቶ በማያይበት። ያንኑ ነገር 6 ናኖ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ክሪስታል አድርጋችሁ ብትሠሩት ግን ቁልጭ ያለ ቀይ ያበራል። 4 ላይ ቢጫና ብርቱካናማ ይሆናል። 2 ተኩል ላይ አረንጓዴ። ወደ 2 ሲወርድ ሰማያዊ። የጨመርንበት ነገር የለም። አንድ ካድሚየም ለአንድ ሴሌኒየም፣ ያው ነው። ማቅለሚያም የለውም። የተለወጠው መጠኑ ብቻ ነው። ኳንተም ዶት የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ80 እስከ 100 ሺህ ናኖ ሜትር ይደርሳል፣ ከዚያ ተነስታችሁ ገምቱ። አንዷ ክሪስታል ውስጥ ያሉት አቶሞች ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ቢሆኑ ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ሰሚኮንዳክተር ውስጥ ኤሌክትሮኖች የሞሉት የታችኛው የኃይል ደረጃ አለ፣ ከላይ ደግሞ ባዶ ደረጃ አለ። መካከሉ ኤሌክትሮን ልትቆምበት የማትችለው ክፍተት ነው። በቂ ኃይል ያለው ብርሃን ሲያርፍባት ኤሌክትሮኗ ክፍተቱን ዘልላ ትወጣለች፣ ታች ባዶ ቦታዋ ይቀራል። ስትመለስ ኃይሉን በብርሃን መልክ ትለቀዋለች። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ፣ ጠባብ ከሆነ ወደ ቀይ ያደላል። እስከዚህ ድረስ ቤታችሁ የተሰቀለው ኤል ኢ ዲ አምፖልም የሚሠራው በዚሁ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ክሪስታሏ በጣም ስታንስ ነው። ኤሌክትሮን የሞገድ ባሕርይ አላት። ካድሚየም ሴሌናይድ ውስጥ ኤሌክትሮኗና ጥላው የወጣችው ባዶ ቦታ ተጣምረው 11 ናኖ ሜትር ገደማ ስፋት ይፈልጋሉ። ክሪስታሏ ከዚያ ካነሰች ሞገዱ መፈናፈኛ ያጣል፣ የተጨናነቀ ሞገድ ደግሞ ኃይሉ ይጨምራል። ክፍተቱ ይሰፋል ማለት ነው። ባነሰች ቁጥር ወደ ሰማያዊው ትሄዳለች። ኸርበርት ፍሮሊች እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ባሕርያቸው እንደሚለወጥ በ1937 በስሌት ተናግሮ ነበር። ግን በዚያ መጠን ለክቶ የሚሠራ ሰው አልነበረም። ስሌቱ ወረቀት ላይ ቀረ።

መስታወት የሚያቀልሙ ሰዎች ግን ሳያውቁት ሲሠሩት ኖረዋል። የቀለጠ መስታወት ውስጥ ካድሚየም ሴሌናይድና ካድሚየም ሰልፋይድ ሲጨመር አንዳንዴ ቢጫ፣ አንዳንዴ ቀይ ይወጣል። የሚለየው ምን ያህል እንደሞቀና እንዴት እንደቀዘቀዘ ነው። (ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የተወለዱት እዚሁ እኛ ዘንድ አንኮበር ነው። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ያለውን የእሳቸውን ባለቀለም መስታወት ያየ ሰው፣ ቀለም መስታወት ውስጥ ሲገባ ብርሃንን ምን እንደሚያደርገው ማስረጃ አያስፈልገውም።) ሌኒንግራድ በሚገኘው የቫቪሎቭ ኦፕቲክስ ተቋም ይሠራ የነበረው አሌክሲ ኤኪሞቭ ይህ ነገር አላስተኛው አለ። አንድ ዓይነት ቅመም እንዴት የተለያየ ቀለም ይሰጣል? ኮፐር ክሎራይድ የተጨመረበት መስታወት ሠራ። ከ500 እስከ 700 ዲግሪ ባለው ሙቀት አንዱን 1 ሰዓት፣ ሌላውን እስከ 96 ሰዓት አቆየው። በኤክስሬይ ሲያየው ውስጡ ጥቃቅን ክሪስታሎች ተፈጥረዋል። ትንሾቹ 2 ናኖ ሜትር፣ ትልልቆቹ 30። ክሪስታሎቹ ባነሱ ቁጥር መስታወቱ የሚውጠው ብርሃን ወደ ሰማያዊ ይሸሻል። ይህን በ1981 አሳተመ።

አሜሪካ ቤል ላብስ የሚባል የምርምር ተቋም ውስጥ ደግሞ ሉዊ ብሩስ የኤኪሞቭን ሥራ ሳያውቅ በፈሳሽ ውስጥ ካድሚየም ሰልፋይድ እየሠራ ነበር። ሐሳቡ የፀሐይን ብርሃን ለኬሚካል ለውጥ መጠቀም ነበር። ፈሳሹ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር ባሕርዩ ተለወጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ተበላሸ ብሎ ይደፋው ነበር። ብሩስ ግን ቅንጣቶቹ አድገው ይሆን ብሎ ጠረጠረና መረመረው። የሠራቸው ትኩሶቹ 4.5 ናኖ ሜትር፣ ያደጉት 12.5። እሱም በ1983 አሳተመ።

ሦስተኛው ሙንጂ ባዌንዲ ነው። ፓሪስ የተወለደ፣ አባቱ ቱኒዚያዊ የሒሳብ ሊቅ። ሐርቫርድ ሲገባ የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ፈተና ከመቶ 20 አግኝቶ ወድቋል። ይህን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። መውደቅ ጥሩ ነው ለማለት አይደለም። ከወደቀ በኋላ እንዴት እንደሚጠና እንደ አዲስ ተምሮ ስለተነሳ ነው። ሦስቱ የ2023ን የኬሚስትሪ ኖቤል ተካፈሉ። እኔን ብትጠይቁኝ ልቤ ያለው ባዌንዲ ጋ ነው። ኤኪሞቭና ብሩስ ነገሩ እንዳለ አሳዩ። ክሪስታሎቹን አንድ ዓይነት አድርጎ ማምረት የተቻለው ግን በእሱ ዘዴ ነው። ሥራው በ1993 ኤም አይ ቲ ውስጥ ከክሪስቶፈር መሪና ከዴቪድ ኖሪስ ጋር የወጣ ነው።

ችግሩ ምን ነበር? መጠኑ ቀለሙን የሚወስን ከሆነ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያሉት ክሪስታሎች መጠናቸው ከተበታተነ ብርሃኑም ይበታተናል። ጥርት ያለ አረንጓዴ ፈልጋችሁ የደበዘዘ ቢጫ ይወጣል። መቶ ትሪሊዮን ክሪስታሎችን ልዩነታቸው ከአንድ ረድፍ አቶም እንዳያልፍ አድርጎ መሥራት ያስፈልጋል። በእጅ አይለካ፣ በወንፊት አይነፋ።

የእኛ ገበሬ ይህን በደንብ ያውቀዋል። ገብሱ በአንድ ቀን ከተዘራ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ዛሬ ትንሽ፣ ከሳምንት በኋላ ትንሽ እያለ ከዘራው ግን አጨዳ ሲደርስ አንዱ ይረግፋል፣ አንዱ ገና ለምለም ነው። ክሪስታልም እንደዚያው ነው። ጥበቡ ሁሉም በአንዲት ቅጽበት ዘር እንዲይዙ ማድረግ፣ ከዚያ በኋላ አዲስ ዘር እንዳይበቅል መከልከል፣ የበቀሉትን ብቻ ማሳደግ ነው። የባዌንዲ ቡድን ያንን ያደረገው በሙቀት ነው። 300 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ዘይት መሰል ፈሳሽ ውስጥ ካድሚየሙንና ሴሌኒየሙን በስሪንጅ በአንዴ ለቀቁበት። ፈሳሹ ከሚሸከመው በላይ ስለሆነበት በዚያችው ቅጽበት ስፍር ቁጥር የሌላቸው ዘሮች ተያዙ። የተጨመረው ፈሳሽ ቀዝቃዛ ስለሆነ ደግሞ ሙቀቱ ወደ 180 አሽቆለቆለ፣ አዲስ ዘር መያዝ ቆመ። ከዚያ ከ230 ዲግሪ በላይ አድርገው በቀስታ አሳደጓቸው። ልደትና እድገት ተለያዩ። ነገሩ ሁሉ ይህ ነው፣ እኔም ይህን ባነበብኩ ቁጥር ደስ የሚለኝ ነገር አያልቅብኝም።

ውሃ ለዚህ አይሆንም። መጽሐፉ 100 ዲግሪ ይላል፣ እኛ ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለን እዚህ የሚፈላው በ91 ገደማ ነው፣ ባቄላችን አልበስል እያለ የሚያስቸግረን ለዚህ ነው። ኦክታዲሲን የሚባለው ፈሳሽ ግን እስከ 315 ዲግሪ አይፈላም። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ድህረ ምረቃ ስማር አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ይህንን ቆሜ አይቻለሁ። የተጠቀሙት ቀለል ያለውን መንገድ ነበር። የ1993ቱ ዘዴ ዳይሜቲል ካድሚየም ይፈልጋል፤ አየር ሲነካው በራሱ የሚቀጣጠል፣ መርዝነቱም ከባድ የሆነ ፈሳሽ ነው። በ2001 ፔንግ የሚባሉ ተመራማሪዎች በተራ ካድሚየም ኦክሳይድ ዱቄት ተኩት፣ ያን ጊዜ ነው ነገሩ ብዙ ላብራቶሪ የገባው። ዱቄቱ ቡናማ ነው። ኦሌይክ አሲድና ኦክታዲሲን ውስጥ ሆኖ ሦስት አፍ ባለው ፍላስክ ውስጥ፣ አየር እንዳይገባ ናይትሮጅን እየተለቀቀበት ይሞቃል። መጀመሪያ ድፍርስ ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ድንገት ጠርቶ እንደ ውሃ ይሆናል። ካድሚየሙ ሟሟ ማለት ነው። ከዚያ ሴሌኒየም የሟሟበት ፈሳሽ በወፍራም መርፌ ጥርግ ተደርጎ ይገባል። በ225 ዲግሪ ነው ያየሁት። ቀለም የሌለው ፈሳሽ ወዲያው ፈዛዛ ቢጫ ሆነ። በየጥቂት ሰከንዱ ትንሽ ትንሽ ይቀዱለታል፣ የተቀዳው ቀዝቃዛ ብልቃጥ ውስጥ ሲገባ እድገቱ እዚያው ይቆማል። ቢጫው ጠቆረ፣ ብርቱካናማ ሆነ፣ ወደ ቀይ ሄደ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብልቃጥ 3 ደቂቃ አይሞላም። ብልቃጦቹን ደርድረው ባንክ ቤት ብር የሚፈተሽበት ዓይነት ሐምራዊ መብራት ሲያበሩባቸው መጀመሪያ የተቀዳው ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ የመጨረሻው ብርቱካናማ። አንድ ፍላስክ ነው ይህ ሁሉ! የሚለያዩት በሰከንድ ነው።

እሳቱ ላይ አብዝቶ ማቆየት ግን ያበላሻል። ፈሳሹ ውስጥ የቀረው ምግብ ሲያልቅ ትንንሾቹ ክሪስታሎች መሟሟት ይጀምራሉ፣ ትልልቆቹ የእነሱን እየወሰዱ ይወፍራሉ። ያኔ ተመሳሳይነቱ ይጠፋል። ጎበዝ ሰው መቼ ማቆም እንዳለበት ያውቃል።

ኦሌይክ አሲዱ ሌላም ሥራ አለው። አንድ ጫፉ ክሪስታሏ ላይ ይጣበቃል፣ ረጅሙ የዘይት ጭራው ወደ ውጭ ይቀራል። እነዚህ ጭራዎች ክሪስታሎቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ይከላከላሉ። ሊጋንድ ይባላሉ። ሥራው ሲያልቅ አልኮል ወይም አሴቶን ሲጨመርበት ክሪስታሎቹ ይዘቅጣሉ፣ ሴንትሪፊዩጅ ውስጥ አሽከርክሮ ትርፉን መድፋት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። እንዲህ ባነሰ ነገር ላይ ብዙዎቹ አቶሞች የሚገኙት ገጽ ላይ ነው። ገጽ ላይ ያለ አቶም በአንድ በኩል ጎረቤት የለውም፣ የሚይዘው ያጣ ቦንድ አለው። ኤሌክትሮኗ ስትመለስ እዚያ ትጠመዳለች፣ ብርሃን መሆን የነበረበት ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያዎቹ ክሪስታሎች ከተቀበሉት 10 ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) አንዱን ቢመልሱ ነበር። በ1996 ሃይንስና ጊዮ ሲዮኔስት ካድሚየም ሴሌናይዱን በዚንክ ሰልፋይድ ቅርፊት ሸፈኑት። የዚንክ ሰልፋይድ ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ኤሌክትሮኗ ወደ ገጹ አትደርስም። ውጤቱ ወደ ግማሽ ዘለለ። አሁን ከ90 በመቶ የሚያልፉ አሉ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቀለሙ ነው፣ የሥራው ግማሽ ግን ይህ ቅርፊት ነው ብዬ አምናለሁ።

ካድሚየም መርዝ ነው። ኩላሊት ይጎዳል፣ አጥንት ይጎዳል፣ ሰውነት ውስጥ ከገባ ለዓመታት አይወጣም። ቤት ውስጥ ለመሞከር የሚያስብ ካለ አደራ፣ ይተው። የአውሮፓ ሕግም ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ካድሚየምን በክብደት 0.01 በመቶ ላይ ገድቦታል። እርሳስ እንኳ 0.1 ነው የተፈቀደለት። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ፊታቸውን ወደ ኢንዲየም ፎስፋይድ አዞሩ። ይሄኛው አስቸጋሪ ነው። የፎስፈረስ ምንጩ ለመዋሃድ በጣም ፈጣን ስለሆነ ዘር ሲያዝ አብዛኛው ያልቃል፣ ለእድገት የሚተርፍ የለም። ገጹም ኦክሲጅን ካገኘ ይበላሻል። የቀለሙ ጥራት የካድሚየሙን ለመድረስ ዓመታት ፈጅቷል።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ከኋላ ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ አለ። ከፊቱ ኳንተም ዶት የተቀባ ስስ ፊልም አለ። ከሰማያዊው ብርሃን ከፊሉ ያልፋል፣ ከፊሉን ክሪስታሎቹ ውጠው አረንጓዴና ቀይ አድርገው ይመልሱታል። ሶኒ በ2013 ያወጣው በካድሚየም ነበር። ሳምሰንግ በ2015 ካድሚየም የሌለው አወጣ፣ በ2017 ደግሞ ኪው ኤል ኢ ዲ የሚለውን ስም ለጠፈበት። ስለዚህ ሻጩ አልዋሸም፣ ክሪስታሎቹ እውነት አሉ። ግን በኤሌክትሪክ የሚበሩት እነሱ አይደሉም፣ የሌላ መብራት ቀለም ነው የሚቀይሩት። ኦ ኤል ኢ ዲ የሚባለው እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ይበራል። ዋጋ ስታነጻጽሩ ይህን ያዙ።

እዚህ እኛ ዘንድ ምን ይሠራል? ናይትሮጅን ሲሊንደር፣ 300 ዲግሪ የሚይዝ ማሞቂያ፣ አደገኛ ፍሳሽ የሚሰበሰብበት ሥርዓት ለሌለው ትምህርት ቤት ካድሚየሙ የሚነካ አይደለም። በ2015 ዙሪክ ውስጥ የኮቫሌንኮ ቡድን የሠራቸው የሲዚየም ሌድ ብሮማይድ ክሪስታሎች ያለ ቅርፊትም እስከ 90 በመቶ ያበራሉ፣ ተመሳሳዮቻቸውንም ያለ እሳት፣ አንዱን ፈሳሽ ሌላው ውስጥ ጠብ በማድረግ ብቻ መሥራት ይቻላል። ግን እርሳስ አለበት፣ እርጥበትም ይገድለዋል። ለተማሪ የሚሆነው ካርቦን ዶት ነው። ሲትሪክ አሲድና ዩሪያ ውሃ ውስጥ ሟሙተው ማይክሮዌቭ ውስጥ ቡኒ እስኪሆኑ ድረስ ይሞቃሉ። አየር በደንብ በሚገባበት ቦታ፣ በምግብ ማይክሮዌቭ ሳይሆን ለዚሁ በተለየ። የወጣው በውሃ ቀጥኖ ሐምራዊ መብራት ሲያርፍበት ሰማያዊ ያበራል። ጥብቅ ሰው ይሄ ሰሚኮንዳክተር ክሪስታል አይባልም ይለኛል፣ ልክ ነው። ብርሃኑ ከቅንጣቱ ሳይሆን አብረው ከሚፈጠሩ ሞለኪውሎች ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። ቢሆንም በገዛ እጁ የሠራው ነገር ሲያበራ ያየ ልጅ ቀለምን ከዚያ በኋላ አይሸመድድም።

ተመራማሪዎቹ አሁን የሚሮጡት የኋላ መብራቱን አስወግደው ክሪስታሎቹ ራሳቸው በኤሌክትሪክ እንዲበሩ ለማድረግ ነው። ቀዩ ጥሩ ደርሷል፣ አረንጓዴውም ይከተላል። የተቸገሩት በሰማያዊው ነው። ቶሎ ይደክማል። ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ኤሌክትሪኩን ማስገባት ይከብዳል፣ በውስጡ የሚመላለሰው ከፍተኛ ኃይልም ዙሪያውን ያለውን ሊጋንድ ይጎዳል። ካድሚየም ላለመጠቀም ዚንክ ሴሌናይድ ይዘዋል። እሱ ብቻውን ወደ ሐምራዊው ስለሚያደላ ቴሉሪየም ጠብ እያደረጉ ወደ ሰማያዊ ይጎትቱታል። ቴሉሪየሙ ትንሽ ከበዛ ደግሞ ቀለሙ ይንዘላዘላል፣ እና አሁን ትግሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።